የታይዋን ከፍተኛ ተራራ ኡሎንግ፦ ምንም ሳይጨመርበት አበባ አበባ የሚሸተው እንዴት ነው?

የቦንጋ_ልጅ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ሻይ ላይ የምትሠሩ ወይም ታይዋን የኖራችሁ ካላችሁ አንድ ነገር አስረዱኝ። ቤተሰቦቼ ውሽውሽ አካባቢ ሻይ አላቸው፤ ቅጠሉን ለፋብሪካ ነው የምናስረክበው። እኔም ስቀጥፍ ነው ያደግሁት። የማውቀው ሻይ ግን ያው ሲቲሲ ነው። ቅጠሉ ይጠወልጋል፣ ጥርስ ባላቸው ሮለሮች መሃል አልፎ ይከተፋል፣ ይቀላል፣ ይደርቃል፣ በቃ።

ሰሞኑን ታይዋን ተምሮ የተመለሰ ጓደኛዬ አየር የተመጠጠበት ትንሽ እሽግ ሰጠኝ። "የአሊሻን ኡሎንግ ነው" አለኝ። ስከፍተው የለመድኩት ሻይ አይደለም። የበቆሎ ፍሬ የሚያህል፣ ጥቁር አረንጓዴ፣ ጠጣር ድብልብል ነገር ነው፤ ብርጭቆ ውስጥ ሲወድቅ ይንኳኳል። የፈላ ውሃ ሳፈስበት ቀስ እያለ ተፈታ። ጠጥቼ ስጨርስ አንዱን አውጥቼ ሳህን ላይ ዘረጋሁት። አንድ እምቡጥ፣ ሦስት ቅጠል፣ ከነለጋ ዘንጉ! አንድም ቦታ አልተቆረጠም። መሃሉ አረንጓዴ ነው፣ ጠርዙ ላይ ብቻ ጥርስ ጥርሱን ይዞ ቀልቷል። ውሃው ወርቅማ ቢጫ፣ ሽታው ግን የአበባ ነው።

አሁን ይሄ አረንጓዴ ሻይ ነው ወይስ ጥቁር? አበባ ወይም ሽቶ ነገር ተቀላቅሎበት ይሆን? ቅጠሉስ ሳይሰበር እንዴት ነው እንዲህ የሚድበለበለው? እኛ ጋ ባለው ቅጠል ቢሞከርስ? የሚያውቅ ሰው በዝርዝር ቢነግረኝ ደስ ይለኛል።


ሰብለ_ቲ፦

ሰላም ወንድሜ። ጥያቄህን አይቼ ማለፍ አልቻልኩም። ማስተርሴን የተማርኩት ደቡብ ታይዋን ነው፣ ምግብ ሳይንስ። የአንዲት የክፍል ጓደኛዬ ቤተሰቦች ጂያዪ አውራጃ፣ ሜይሻን የሚባለው ተራራማ ወረዳ ውስጥ የሻይ እርሻ አላቸው፤ ፋብሪካቸውም እዚያው ከመኖሪያቸው ሥር ነው። አዝመራ ሲደርስ እየሄድኩ አብሬያቸው አድሬ ሠርቻለሁ። የምነግርህ እዚያ በዓይኔ ያየሁትንና በኋላ ትምህርት ቤት ምክንያቱን የተረዳሁትን ነው።

ዋናውን ላስቀድምልህ፤ ጥሩ ከሆነ ምንም አልተጨመረበትም። አበባውን የሠራው ራሱ ቅጠሉ ነው፣ ከተቀጠፈ በኋላ ገና ሳይሞት፣ በአንድ ሌሊት ውስጥ። አረንጓዴም ጥቁርም አይደለም፣ መሃል ላይ እንዲቆም የተደረገ ነው። አረንጓዴ ሻይ እንደተቀጠፈ በሙቀት ይቆማል፤ ጥቁሩ እስከ መጨረሻው እንዲቀላ ይለቀቃል። የተራራው ኡሎንግ አብዛኛውን ጊዜ ከ15 እስከ 30 በመቶ ያህል ብቻ ነው የሚቀላው። ሳህንህ ላይ ያየኸው ቀይ ጠርዝ እሱ ነው፤ እዚያም "አረንጓዴ ቅጠል፣ ቀይ ጠርዝ" እያሉ የጥሩ ሥራ ምልክት ያደርጉታል።

መጀመሪያ ስለ ተራራው። ታይዋን ውስጥ ከ1,000 ሜትር በላይ የበቀለ ሻይ "ከፍተኛ ተራራ" ይባላል። አሊሻን፣ ሻንሊንሺ፣ ሊሻን፣ ዳዩሊንግ ሁሉም የቦታ ስሞች ናቸው፤ ሊሻንና ዳዩሊንግ ላይ ከ2,000 ሜትር በላይ የሚበቅልም አለ። ለእኛ 1,000 ሜትር ቆላ ነው፣ አውቃለሁ። ጂያዪ ግን ከምድር ወገብ 23 ዲግሪ ተኩል ያህል ወደ ሰሜን ናት፤ ስለዚህ ብርዱ ከእኛ አገር በጣም ዝቅ ብሎ ይጀምራል። ጠዋት ፀሐይ ይሆናል፣ ከሰዓት በኋላ ጉሙ ከሸለቆው ይነሳና እርሻውን ይሸፍነዋል። ቅጠሉ በዝግታ ያድጋል፣ ይወፍራል። አፍ የሚጎመዝዘው ካቴኪን ይቀንሳል፣ ለስላሳና ጣፋጭ የሚያደርገው ቴያኒን ይበረክታል። ዝርያውም ሌላ ነው፤ በብዛት የሚወደደው ቺንግሺን ኡሎንግ ይባላል፣ ቅጠሉ ትንሽ፣ ምርቱ ጥቂት፣ በሽታ ቶሎ የሚያጠቃው፣ ግን መዓዛው ተወዳዳሪ የሌለው።

ቀጠፋው ከእኛ የሚለየው ለጋ ለጋውን ስለማይፈልጉ ነው። ቡቃያው እድገቱን ሊያቆም ሲል፣ ከላይ ያለው ቅጠል መከፈት ሲጀምር ይጠብቁታል። በጣም ለጋ ከሆነ ሻዩ ይመራል፣ መዓዛውም አይወጣም። ከዚያ እምቡጡን ከሁለት ወይም ከሦስት ቅጠል ጋር፣ ከነዘንጉ ይቀጥፋሉ። ቀጣፊዎቹ በብዛት እናቶች ናቸው። ሌባ ጣታቸው ላይ የምላጭ ስባሪ በፕላስተር ያስሩና ዘንጉን በእሱ ይቆርጡታል፤ እጃቸው ሲሄድ አይታይም። በጣም የሚፈለገው በእኛ ሰዓት ከጠዋቱ 4 እስከ ቀኑ 9 ድረስ የተቀጠፈው ነው፤ ጤዛው ስለደረቀና ለፀሐዩ ስለሚደርስ። ጤዛ የያዘ የማለዳ ቅጠል ለብቻው ይሠራል፣ በርካሽም ይሸጣል።

ከዚያ ፀሐይ። ግቢው ላይ ሰፊ ሸራ ይዘረጋና ቅጠሉ ስስ ተደርጎ ይበተናል፤ ፀሐዩ ከበረታ ከላይ ጥቁር መረብ ይጎተታል። እንደ ቀኑ 15 ደቂቃም፣ ግማሽ ሰዓትም፣ ከዚያ በላይም ሊሆን ይችላል። የጓደኛዬ አባት ሰዓት ሲያዩ አላየሁም። ጎንበስ ብለው አንድ ቡቃያ ከዘንጉ ይይዛሉ፣ ያቆሙታል። ጫፉ ዘንበል ካለ፣ የቅጠሉም ወዝ ደብዘዝ ካለ "ሰብስቡ" ይላሉ። የዚያን ቀን ዝናብ ከጣለ ግን ከባድ ነው። በሞቀ አየር ማጠውለግ ይቻላል፤ ነገር ግን ፀሐይ ያላገኘ ቅጠል ያንን መዓዛ አይሰጥም፣ ሁሉም ያውቀዋል፣ ዋጋውም ይወድቃል።

አሁን ወደ ሌሊቱ እንግባ፤ ሁሉም ነገር ያለው እዚህ ነው። ቅጠሉ ቤት ይገባና ትልልቅ ክብ የቀርከሃ ሰፌዶች ላይ ስስ ሆኖ ይበተናል፣ ሰፌዶቹም በመደርደሪያ ይደረደራሉ። ክፍሉ ከ20 እስከ 25 ዲግሪ ገደማ ይሆናል፤ ብዙዎቹ አሁን ኤር ኮንዲሽነር አስገብተዋል። ከዚያ በየሰዓት ተኩሉ ወይም በየሁለት ሰዓቱ ይገላበጣል። የመጀመሪያው ላይ ሁለት እጅህን ከሥር አስገብተህ ታነሳዋለህ፣ በጣቶችህ መሃል ቀስ ብሎ እንዲወርድ ትለቀዋለህ። ያ ብቻ ነው፣ ከአንድ ሁለት ደቂቃ አይበልጥም። በኃይል የነካ ሰው ሲገሰጽ ሰምቻለሁ። ሁለተኛው ጠንከር ይላል፣ ሦስተኛው ከዚያ ይበልጣል። የመጨረሻው የሚሠራው በቀስታ በሚዞር የቀርከሃ በርሜል ውስጥ ሲሆን ቅጠሎቹ እርስ በርስ እየተላተሙ ጠርዛቸው ይጎዳል። በጠቅላላው ከ3 እስከ 5 ጊዜ ይሆናል።

ለምን ቀስ ተብሎ? ዘንጉ ብዙ ውሃ ይይዛል። ቅጠሉ ሲያርፍ ውሃው ከዘንጉ በቅጠሉ ጅማት አልፎ ወደ ጠርዙ ይሄዳል፣ እዚያ ይተናል። ሲገላበጥ የዛለው ቅጠል እንደገና ቀና ይላል፤ ይሄንን በእጅ ነክቶ ማወቅ ይቻላል። ገና ከመጀመሪያው ጅማቱ ከተሰበረ ውሃው መንገድ ያጣና ቅጠሉ ውስጥ ይታቆራል፤ ሻዩም መራራና ድፍን ያለ ይሆናል። ቅጠሉን ከነዘንጉ የሚቀጥፉበት አንዱ ምክንያት ይሄ ነው።

መዓዛውም እዚሁ ይፈጠራል። ጠርዙ ሲጎዳ ለየብቻቸው የነበሩት ካቴኪኑና ኢንዛይሙ ይገናኛሉ፣ ኦክስጅን ሲጨመር ይቀላል፤ የእናንተ ፋብሪካ ቅጠሉን ሙሉ በሙሉ ከትፎ የሚያደርገውን እነዚህ ሰዎች ጠርዙ ላይ ብቻ ያደርጉታል። ቀሪው ቅጠል ግን በሕይወት አለ። መጎዳቱ ይሰማዋል፣ እየደረቀ መሆኑም ይሰማዋል፣ እየደጋገመ ሲጎዳ ደግሞ ኢንዶል፣ ኔሮሊዶል፣ ጃዝሚን ላክቶን የሚባሉ ሽታ ያላቸውን ነገሮች ያመርታል። ኢንዶልና ጃዝሚን ላክቶን እውነተኛው የጃዝሚን አበባ ውስጥም ያሉ ናቸው። ስለዚህ አፍንጫህ አልተሳሳተም ወንድሜ። ሲቲሲ ላይ ይሄ ጊዜ አይገኝም፣ ሴሉ በአንዴ ነው የሚፈርሰው።

እኔ ሌሊቱን ሙሉ ከእሳቸው ኋላ ኋላ እየሄድኩ ሰፌዱ ላይ አፍንጫዬን ስተክል ነበር። መጀመሪያ የታጨደ ሣር ይሸታል። ከሁለተኛው በኋላ ሣሩ ይጠፋና ምንም የማይሸትበት ጊዜ ይመጣል፤ እኔ ተበላሸ ብዬ ደንግጬ ነበር፣ እሳቸው ግን ዝም ብለው ቁጭ አሉ። ከዚያ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ ይመስለኛል፣ በሩን ከፍተን ስንገባ ክፍሉ በሙሉ አበባ ነበር። ከዚያ አልፎ ከተተወ ወደ በሰለ ፍራፍሬ ይሄዳል። የዱሮው የዶንግዲንግ ዓይነት ሻይ ወደዚያ ይጠጋል፣ እሱም ደስ ይላል። የተራራውን ግን አበባው ላይ ነው የሚያቆሙት። መቼ ይቁም የሚለውን የሚወስን ማሽን አላየሁም። አንድ ሰው ነው፣ ያውም ሌሊቱን ሙሉ ያልተኛ ሰው።

የሚቆመው በእሳት ነው። የሚዞረው የብረት በርሜል 300 ዲግሪ እስኪጠጋ ይግላል፣ ቅጠሉ ይገባል፣ ከ5 እስከ 8 ደቂቃ ይቆያል። መጀመሪያ ላይ ጠሽ ጠሽ የሚል ድምፅ አለው። ኢንዛይሙ እዚህ ይሞታል፤ ከዚህ በኋላ ቅጠሉ አይቀላም። ጥቂት ታሽቶና ግማሽ ድረስ ደርቆ ያድራል፤ ሰዎቹም ይተኛሉ።

መድበልበሉ የሁለተኛው ቀን ሥራ ነው። 20 ኪሎ ያህል ቅጠል በጠንካራ ሰፊ ጨርቅ ይጠቀለላል፣ ጨርቁን የሚያጠብቅ ማሽን ላይ ይሽከረከርና ልክ ልጆች ሰፈር ውስጥ እንደሚጫወቱበት የጨርቅ ኳስ ድርቅ ብሎ ይወጣል፣ መጠኑ ግን እጥፍ ድርብ ነው። ኳሱ በሁለት ሰሌዳ መሃል እየተንከባለለ ይታሻል። ከዚያ ይፈታል፣ የተጣበቀው ይበተናል፣ ይሞቃል፣ እንደገና ይጠቀለላል። ይሄ 20 ጊዜም 30 ጊዜም ሊደገም ይችላል፤ በየዙሩ ቅጠሉ ትንሽ ትንሽ ወደ ውስጥ ይጠቀለላል። ቅጠሉ የማይሰበረው በየጊዜው ስለሚሞቅና እርጥበቱ ቀስ በቀስ ብቻ ስለሚወጣ ነው። አሁን ቅጠሉን በአራት ማዕዘን ጨፍልቆ የሚያወጣ ማሽንም አለ፤ ጊዜ ይቆጥባል፣ ነገር ግን በጥንቃቄ ካልተያዘ ጠርዙን ይሰባብራል። የጓደኛዬ ቤተሰብ ለብርዱ ወቅት አዝመራ አይጠቀሙበትም። በመጨረሻ በማድረቂያ አልፎ ይደርቃል። ከ4 እስከ 5 ኪሎ እርጥብ ቅጠል 1 ኪሎ ደረቅ ይወጣዋል።

ከቀጠፋ እስከ ደረቅ ሁለት ቀን ያህል ይፈጃል። በኋላ ባዶ ዘንጎቹ ይለቀማሉ፤ እንደተፈለገውም በዝግታ ይቆላል ወይም እንዲሁ ይታሸጋል። የሰጠህ እሽግ 150 ግራም ከሆነ የተለመደው መጠን ነው።


ቡና_ቆዪ_ፍራንክፈርት፦

ሰብለ፣ እጅሽ ይባረክ። እኔ ቡና ቆልቼ ነው የምተዳደረው፣ ከቡናው ጎን ግን የታይዋን ሻይ አስመጥቼ እሸጣለሁ። ከገዢ በኩል ያለውን ልጨምር።

የቦንጋው ወንድማችን "ተጨምሮበት ይሆን?" ማለቱ ተገቢ ጥያቄ ነው። "ሚልክ ኡሎንግ" ተብሎ አውሮፓ ውስጥ የሚሸጠው አብዛኛው የወተት ሽታ ተረጭቶበታል። እውነተኛው ጂንሹዋን የሚባል ዝርያ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1981 ታይዋን ውስጥ የወጣ፤ በተፈጥሮው ለስላሳ የሆነ፣ ወተት ወተት የሚል ጠረን አለው፣ ግን ስስ ነው። እሽጉን ስትከፍት ካራሜል ከረሜላ ፊትህን ከመታህ፣ ሁለተኛውና ሦስተኛው ውሃ ላይ ደግሞ ሽታው ድራሹ ከጠፋ፣ ተረጭቶበታል። ከቅጠሉ የመጣ መዓዛ አምስተኛው ውሃ ላይም ይገኛል።

ሌላው፣ ታይዋን ብለው የሚሸጡት ሁሉ የታይዋን አይደለም። ቬትናም ውስጥ ላም ዶንግ፣ ሰሜን ታይላንድ ውስጥ ዶይ ሜ ሳሎንግ፣ የታይዋን ዝርያ ተክለው በታይዋን ማሽን ይሠራሉ። በራሳቸው ስም ሲሸጡ ምንም ክፋት የለውም፣ ጥሩ የሠሩም አሉ። የከፋው "አሊሻን" ተብሎ ሲለጠፍባቸው ነው።

አንድ የማልስማማበት ነገር ግን አለኝ። ደንበኞቼ ሜትር ይቆጥራሉ፤ 1,400 ነው? 2,200 ነው? እያሉ። ዋጋውም በሜትር ነው የሚወጣው። እኔ በዝናብ የተሠራ የሊሻን ሻይ ቀምሼ በፀሐይ ከተሠራ የሜይሻን ሻይ ጋር ሳወዳድር ያለ ጥርጥር የታችኛው በልጧል። ቡናችንም ላይ ያው ነው፤ ከፍታ ያለ አጠባበቅ ምንም አያደርግም። ተራራውን አታግንኑት።

አፈላሉ፦ ክዳን ያለው 100 ሚሊ ገደማ የሚይዝ ሲኒ፣ ከ5 እስከ 6 ግራም፣ የፈላ ውሃ። አረንጓዴ ይመስላል ብለህ ውሃ አታብርድበት፣ ድብልብሉ አይፈታም። የመጀመሪያውን አንድ ደቂቃ፣ ሁለተኛውን አጠር፣ ከዚያ እያስረዘምክ። ስኳር ይቅርበት።


ትዕግሥት_22፦

ሰላም፣ እኔ የመጣሁት በሌላ ጥያቄ ነው። ማታ ብጠጣው እንቅልፍ ይነሳኛል? "ስላልጠቆረ ካፌኑ ትንሽ ነው" የሚሉ አሉ።


ሰብለ_ቲ፦

ትዕግሥትዬ፣ መቅላት ካፌንን አይጨምርም፣ አይቀንስምም። የሚወስነው የቅጠሉ ለጋነት፣ ስንት ግራም እንዳስገባሽና ምን ያህል እንደቆየ ነው። ቅጠሉ በደንብ ስለደረሰ ከእምቡጥ ብቻ ከሚሠራ ሻይ ሊያንስ ይችላል፤ ግን በትንሽ ሲኒ ስድስት ሰባት ጊዜ ስለሚጠጣ ተደምሮ ቀላል አይሆንም። እንቅልፍሽ ስስ ከሆነ ከሰዓት በፊት ይሁን።

ቡና_ቆዪ ወንድሜ፣ ስለ ሠሪው ያልከውን ሙሉ በሙሉ እቀበላለሁ። ግን ተራራውን መተው አልችልም። ያንን ውፍረት ያለው፣ የማይጎመዝዝ ቅጠል ቆላ ላይ ስትፈልገው አታገኘውም፤ ሠሪው የተሰጠውን ነው የሚያወጣው። እኔን የሚያሳስበኝ የሜትር ፉክክሩ የሚያስከትለው ነው። በሜትር ስለሚከፈል ሰው ወደላይ ወደላይ ደን እየመነጠረ ተክሏል። አፈሩ ስስ፣ ቁልቁለቱ ከባድ ነው። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 2009 ሞራኮት የተባለው ከባድ ዐውሎ ነፋስ ሲመታ የአሊሻን መንገድና ባቡር መስመር ተቆራርጧል፤ የጓደኛዬ እናት ያንን ጊዜ ሲያወሩ አሁንም ድምፃቸው ይለወጣል። ዳዩሊንግ ላይ በመንግሥት መሬት ላይ የነበሩ አንዳንድ እርሻዎች ተነስተው ቦታው ወደ ደን እንዲመለስ ተደርጓል። ልክ ነው የተሠራው። ስለዚህ የምትሸጥ ሰው ከሆንክ፣ እባክህ ለደንበኞችህ ሜትሩን ሳይሆን የአዝመራውን ጊዜና የሠሪውን ሥራ ንገራቸው።


የቦንጋ_ልጅ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። ሰብለ፣ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ስለ ዘንጉና ውሃው ያልሽው በጣም ገርሞኛል፤ እኛ ቅጠል በከረጢት አጭቀን ስንጭን ሲሞቅና ሲቀላ እያየሁ ለምን እንደሆነ አላስብም ነበር።

አሁን ልሞክር ወስኛለሁ። ፋብሪካ የለኝም፣ ማሽን የለኝም። እርሻው ከቤት በር ላይ ነው፣ ሰፌድ አለ፣ ብረት ምጣድ አለ። ቅጠላችን ግን ትልቅ ነው፣ አንዳንዱ ከመዳፌ ይበልጣል። ጠዋት ጉም አለ፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ዝናብ አያጣውም። ከምን ልጀምር?


ሰብለ_ቲ፦

ጎበዝ! እንግዲህ ቅጠላችሁ ያን ያህል ትልቅ ከሆነ የአሳም ዘር ያለበት ነው ማለት ነው። ያ ዝርያ ካቴኪኑ ብዙ ነው፤ ለጥቁር ሻይ ግሩም የሚያደርገው እሱ ነው፣ ለዚህ ግን ቶሎ ይቀላል፣ ቶሎ ይጎመዝዛል። ስለዚህ አሊሻን አይወጣልህም፣ ያንን ከአሁኑ አትጠብቅ። ጥሩ ጠረን ያለው የካፋ ኡሎንግ ግን ለምን አይወጣም? እኔ ብቀምሰው ደስ ይለኛል።

ዝናብ የማይጠበቅበትን ቀን ምረጥ፣ የሁለት ቀን ፀሐይ ቢገኝ ይሻላል። በትንሹ ጀምር፣ 2 ኪሎ እርጥብ ቅጠል በቂ ነው። ቡቃያው ማደጉን ሊያቆም የተቃረበበትን ቁጥቋጦ ፈልግ፤ ከመዳፍህ የሚበልጠውን ተወው፣ ከእምቡጡ ሥር ያሉትን ሁለቱን ለስላሳ ቅጠሎች ከነዘንጋቸው ውሰድ። ጤዛው ከደረቀ በኋላ፣ እንዳትጨብጠው፣ ከረጢት ውስጥም እንዳታስገባው። ቅርጫት ይሁን፣ ቶሎ ወደ ቤት።

ፀሐይ ላይ ስስ አድርገህ ዘርጋው፣ ከላይ ስስ ነጠላ ነገር ብትዘረጋበት ጥሩ ነው፤ የእናንተ ፀሐይ ከታይዋኑ ይበረታል። ሩብ ሰዓት ሲሆን ጀምረህ እየነካህ እይ። ወዙ ሲጠፋና ጫፉ ሲዘነብል ወደ ቀዝቃዛና ነፋስ የማይገባበት ክፍል አስገባው፣ ጭስ የሚደርስበት ቤት ፈጽሞ አይሁን። ሻይ ጭስ ይጠጣል። ሰፌዱ ላይ የሽንብራ፣ የበርበሬ ሽታም አይኑር፤ አዲስ ሰፌድ ብትገዛ ይሻላል።

ከዚያ በየሰዓት ተኩሉ አገላብጥ። ትልቅ ቅጠል ስለሆነ ከእኔ ከነገርኩህም ባነሰ ኃይል። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ላይ ጠርዙ ምንም መቅላት የለበትም፤ ከቀላ እጅህ ከብዷል። በየጊዜው አሽትተህ ጻፈው፣ ሰዓቱንና የሸተተህን። ምንም የማይሸትበት ጊዜ ሲመጣ አትደንግጥ፣ አትቸኩል። ጣፋጭ ነገር ሲሸትህ፣ ጠርዙም ቀላ ሲል፣ ያኔ ምጣዱን አግለው።

ምጣዱ ላይ በጣም የሚሳሳቱት በጥቂት ሙቀት ብዙ ቅጠል በመጨመር ነው። ቅጠሉ ቀስ ብሎ ከሞቀ ኢንዛይሙ ከመሞቱ በፊት ይፋጠናል፣ ሁሉም ቀልቶ ይቀርሃል። ስለዚህ ምጣዱ በደንብ ይጋል፣ በአንድ ጊዜ ግማሽ ኪሎ ብቻ አስገባ፣ ወፍራም የጨርቅ ጓንት አድርገህ ሳታቋርጥ አገላብጥ። ዘንጉን ስታጥፈው ቀጭ ብሎ ካልተሰበረና የሣር ሽታው ካለቀ ደርሷል።

መድበልበሉን ለመጀመሪያ ጊዜ ተወው ብልህ ይሻላል፤ መድበልበል ለማከማቸትና ጣዕሙ ቀስ ብሎ እንዲወጣ ይረዳል እንጂ መዓዛውን የሚፈጥረው እሱ አይደለም። ትኩስ እያለ አቡጀዴ ውስጥ ጠቅልለህ በእጅህ ለጥቂት ደቂቃ እሸው፣ ፍታው፣ ሁለት ሦስቴ ድገመው። ከዚያ በስሱ ዘርግተህ በጣም በለዘበ ሙቀት፣ በጣትህ ስትጨብጠው እስኪሰባበር ድረስ አድርቀው።

ስትቀምሰው 3 ግራም በ150 ሚሊ የፈላ ውሃ፣ 6 ደቂቃ። ታይዋን ውስጥ ዳኞች የተድበለበለ ሻይ የሚቀምሱት እንዲህ ነው፤ ጥፋቱን በሙሉ ያወጣዋል። የፈሰሰውን ቅጠል ዘርግተህ ፎቶ አንሳና እዚሁ ለጥፈው፣ ከቀይ ጠርዙ ምን እንደሆነ አብረን እናያለን።


የቦንጋ_ልጅ፦

እሺ። አዲስ ሰፌድ እናቴ አሏት፣ ገና ያልተነካ። የመጀመሪያውን ዙር የማደርገው የመስከረሙ ዝናብ ጋብ ሲል ነው፤ የጻፍኩትን ሰዓትና ሽታ ከፎቶው ጋር እለጥፋለሁ።